ከቲማቲሙ እርሻ በታች ስለሞቱት ዓሦች

የምስክር ስም፦ ሬሕማ ሙሄዲን
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የተጠበሰ ዓሣ መሸጥ
አድራሻ፦ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
ቀን፦ ነሐሴ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቃሉን በአማርኛ የጻፈው፦ ሳጅን አብደልመጂድ

የትውልድ ቦታዬ ወሎ ነው። በሐጅ ዩሱፍ ገበያ ዓሣ እየጠበስኩ እተዳደራለሁ። ዓሣውን የሚያመጣልኝ የአገሬ ልጅ ጂብሪል ነው። ዓሣ መርዘሃል ተብሎ የታሰረውም እርሱ ነው።

በሰፈራችን የሚያልፈው ወንዝ ከላይ በኩል በግራር ዛፎች ጥላ ሥር ይወርዳል። ከታች ግን አምና አንድ ባለ መሬት ዛፉን ሁሉ አስመንጥሮ እስከ ውሃው አፍ አረሰና ቲማቲም ተከለ። ከዚያ ወዲህ ከእርሻው በታች ውሃው ደፈረሰ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጠፋ፤ ጭቃ የማይከብደው አምባዛ ብቻ ቀረ። ጂብሪልም መንጠቆውን ይዞ ወደ ዛፎቹ ወጣ።

ሰኞ ዕለት እርሻው ላይ የተባይ መድኃኒት ተረጨ፤ ማታውን ዝናብ ጣለ። ማክሰኞ ጠዋት ከእርሻው ጀምሮ ወደ ታች አምባዛው ሳይቀር ሞቶ ተንሳፍፎ አየሁ። የእርሻው ዘበኛ ጀምበሬ ሕዝብ በተሰበሰበበት "በእኛ አገር ዓሣ እንዲህ የሚሆነው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ሲነሰነስበት ነው" አለ። በክፋት ነው አልልም፤ ያደገበትን ነው የተናገረው። ወዲያው የጂብሪል ቦርሳ ተፈተሸ፣ በከረጢት ዱቄት ተገኘበት፣ ተያዘ።

ዱቄቱ በሶ ነው፤ ያስፈጨሁትም እኔ ነኝ። ጂብሪል ግማሹን በጥብጦ ይጠጣል፣ ግማሹን ለውሶ መንጠቆው ላይ ያደርጋል። ደግሞም የሚያጠምደው ከእርሻው በላይ ነው። እዚያ መርዝ ቢነሰንስ ኖሮ ቀድሞ የሚያልቀው የራሱ ዓሣ ነበር። ይህን ለማስረዳት ዛሬ ጠዋት ከዛፎቹ ሥር የተጠመዱ ቆሮሶዎች ከነነፍሳቸው በባልዲ ይዤ በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ ታክሲ፣ ወደ ጣቢያው መጣሁ።

ሳጅኑ ባለበት ከተያዘው ዱቄት ቆንጥሬ ባልዲው ውስጥ ጣልኩ። ዓሦቹ ተሻምተው በሉት። ሳጅኑም የወሎ እናት ያሳደገችው ነውና ቀምሶ "ወላሂ በሶ ነው፤ ስኳር ብቻ ይጎድለዋል" አለ። የቀረውን እኔ በጥብጬ ጠጣሁ።

ጂብሪል ይፈታልኝ፤ የሚመረመር ካለ ከእርሻው የሚወርደው ውሃ ይመርመር።

የተናገርኩት ያየሁትንና የማውቀውን ብቻ ነው። ተነቦልኝ ልክ መሆኑን አምኜ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሬሕማ ሙሄዲን
የጸሐፊ ፊርማ፦ ሳጅን አብደልመጂድ

ማስታወሻ፦ ጂብሪል በዕለቱ ተለቋል። በኤግዚቢትነት የተያዘው ዱቄት በዓሦቹ፣ በምስክሯና በጸሐፊው ስላለቀ ባዶ ከረጢቱን ተረክቧል። ባልዲውንም ይዞ ዓሦቹን ወደ ዛፎቹ ሥር ሊመልስ ሄዷል።