ፍየሎቹ የተዉት በር

በእኛ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የከሰዓት በኋላ ስሙ በርጫ ነበር፤ ሰው ምሳውን ይበላል፣ ጫቱን ይዞ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል፣ በቃ። የኔው ባለቤት መኮንንም ከባቡር ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲያው ነበር፤ ከሰዓት ጫት፣ ማታ ደግሞ ምርቃናውን መስበሪያ ጨብሲ፣ አረቄ ማለት ነው። ታዲያ ሐኪሙ «ጉበትህ እያለቀ ነው፣ ተው» አለው፣ ተወ። መተዉስ ይሁን፣ ከባዱ ስምንት ሰዓት ነው ልጆቼ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ግቢውን ይዞራል፣ እኔን ይጣላኛል፣ በር በሩን ያያል።

እና ሙሳ መጣ። ሙሳ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ከመኮንን ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ያረጁ ናቸው፣ ግን ቀድሞት ትቷል። «ብርቄ እህቴ፣ የተውን ሰዎች አለን፣ በዚችው ሰዓት አንድ ላይ ካልተቀመጥን አንዘልቅም፣ ሳሎንሽን ስጪን» አለኝ። ሰጠሁ። ወንበር ደረደርኩ። መጥተው ተቀመጡ። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በኋላ መኮንን «አቦ ብርቄ፣ ይሄ እኮ የቀበሌ ስብሰባ መሰለ፣ ሰው ወንበር ላይ ሆኖ የሆዱን ያወራል?» አለ። ታዲያ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን ፍራሽ መልሼ አነጠፍኩ፣ ትራስ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ኦቾሎኒ። ያን ቀን ማውራት ጀመሩ፣ ሲያለቅሱም ሰማሁ፣ ሲስቁም ሰማሁ።

ያኔ ታዲያ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ በርጫ ቤት ይታሸግ የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። አንድ ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለ ልጅ ከቀበሌ መጣ።

«እማማ፣ ይሄ ቤት ይታሸጋል።»

«ለምን ልጄ?»

«በር ላይ ጫማ፣ ውስጥ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ፔርሙስ። በርጫ ካልሆነ ምንድነው?»

ሙሳ «እኛ እኮ የተውን ነን» አለው።

«የተያዘ ሁሉ ትቻለሁ ነው የሚለው።»

መኮንንን አየሁት፣ ያ የስምንት ሰዓት ፊቱ ተመልሷል። ቤቱ ከታሸገ ነገ የት እንደሚውል አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ይሄኔ ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ወጣች። ፍየል ታረባለች፣ እና ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትለው።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ። በርጫ ቤት ገራባ አለው የለውም?» የጫቱን ትራፊ ማለቷ ነው።

«አለው።»

«ገራባ ማን ይበላል?»

«ፍየል።»

«ወላሂ፣ የኔ ፍየሎች ድሮ በዚህ ሰዓት ከዚህ በር ብትመቺያቸው አይሄዱም። አሁን የት እንዳሉ እዪ።»

ዞር ብሎ አየ። ፍየሎቹ ከማዶ ሌላ ቤት በር ላይ ተኮልኩለው ቆመዋል።

«ያ ቤት የማን ነው አዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ፍየሎቹን ጠይቂያቸው።»

ልጁ ሳቀ። እና ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ሻይ ጠጣ፣ እስኪመሽ አዳመጣቸው። እግዜር ይስጠው፣ አለቆቹንም ይዞ ተመለሰ። አሁን ቀበሌው ውስጥ አንድ ክፍል አላቸው፣ ጤና ጣቢያውም ነርስ ይልክላቸዋል። አለቆቹ ወንበር እናስገባ ቢሉ መኮንን «ፍራሽ ካልተፈቀደ ክፍሉም ይቅር» አለ፣ ተፈቀደ። ይኸው ዛሬም ስምንት ሰዓት ሲሆን ፀጉሩን አበጥሮ ይሄዳል፣ ማታ ራሱን ችሎ ይገባል፣ እራት አብረን እንበላለን። እኔ ሙሳን ሳላመሰግን፣ አዴን ሳልመርቅ አልተኛም።

«ፍየሎቹስ እማማ?» አላችሁኝ ልጆቼ?

እነሱማ አኩርፈውኛል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም፣ እኔ ደግሞ ተመስገን እላለሁ። (ሳቅ)