አሥር አለቃ ደምሰው የሚያውቋት ኮሪያ

እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደይ ወራት፣ አንድ ቅዳሜ፣ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ሃቫና ስትሪት ላይ ካለው የኮሪያ ሱፐርማርኬት በር አሥር አለቃ ደምሰውን ከልጅ ልጃቸው ከስምረት ጋር አገኘኋቸው። አሥር አለቃ በወጣትነታቸው ኮሪያ ዘምተዋል። ሰላምታችን ሳያልቅ ወደ ክርክራቸው ጎተቱኝ።

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ በመካከላችን ፍረድ» አሉኝ። «ይህች ልጅ አሜሪካን ትታ ኮሪያ ኮምፒውተር ልትማር ነው። ያየሁት አገር ነው እኮ! ሕፃናቱ ከፍርስራሽ ወጥተው ስንቃችንን ይካፈሉ ነበር። ብርድ ልብስ ይዘሽ ሂጂ ብላት ሳቀችብኝ።»

«ስኮላርሺፑን ሰኞ አክሰፕት ካላደረግኩ ያልፈኛል» አለች ስምረት። «አባባ ሳይመርቁኝ ደግሞ አልሄድም።»

«ጋሼ፣ ከዚሁ ሱቅ አይደል የሚገዙት? ባለቤቶቹ የተቸገሩ ይመስላሉ?» አልኳቸው።

«እነሱማ እንደኛ አምልጠው የመጡ ናቸው» አሉ ፍርጥም ብለው። በዚህ እምነታቸው ስንት ዓመት ጎመን እንደገዙ እግዜር ይወቀው። «ለኮምፒውተር ከሆነ ህንድ አይሻልም? ልጆቼን ሂሳብ ያስተማሩት ህንዶች ናቸው።»

«ህንድ በሶፍትዌር ጎበዝ ናት፤ ገጠሯ ግን ገና ኢንተርኔት አልደረሰውም» አለች ስምረት። «ሲንጋፖር ብዙውን የመንግሥት ጉዳይ ቤትዎ ተቀምጠው በኮምፒውተር ይጨርሳሉ፤ ግን አንዲት ከተማ ናት። ጃፓን ቀድማ የበለጸገች ናት። ኮሪያ ግን ከባዶ ተነስታ ፈጣን ኢንተርኔት በየቤቱ አስገባች። የእኛ ቤት መስመር ከእነሱ ጋር አይወዳደርም።»

«በየቤቱ? ያኔ እኮ ጣሪያ ያለው ቤት ማግኘት ጭንቅ ነበር።»

«ማዕድንስ ነበራቸው?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ማዕድን ከየት መጥቶ? በረዶና ድንጋይ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ በምን አደጉ?»

ስምረት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በትምህርት ነው፣ አባባ» አለች። «ያቺን አገር የሠሯት እነዚያ ስንቅዎን ያካፈሏቸው ልጆች ናቸው።»

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እነዚያ ልጆች?» አሉ። «እኔ እስከ ዛሬ ሳዝንላቸው ነበር የኖርኩት።»

ልባቸው ተመለሰ። የሚማር ልጅ ያለው አገር ድህነቱ ዕጣ ፈንታው እንዳልሆነ፣ ሐኪምም ሆነ ገበሬ ዕውቀት ከደጁ ሲደርስለት ሥራው እንደሚቀናው ከእሳቸው የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? የመነሻውን ባዶነት በዓይናቸው አይተዋል።

ጋሪ የሚገፋው ገበያተኛ ሁሉ እያየ እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው መረቋት። እሷ አለቀሰች፤ እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

«እኔ የሄድኩት ልሰጥ ነበር» አሏት። «አንቺ ተቀብለሽ ነይ።»