የግራ እጅ ወንበር

ክቡራትና ክቡራን... እንዲህ ነው አይደል የሚባለው? አለቃችን ጋሼ ጠዋት «በዚህ ጀምሪ» አሉኝ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልነገሩኝም። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስላልለመድኩ፣ እንዳልወድቅ ጠረጴዛውን ልያዝ፣ ይቅርታ። ወንበር ከየክፍሉ ተሸክማችሁ፣ ማተሚያውን ወደ ጥግ ገፍታችሁ ለእኔ ብላችሁ ተሰብስባችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለእኔ ተብሎ ማሽን ሲቆም የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

አታሚያችን፣ አትሳቅ! ካንተ ጋር ዓይን ለዓይን ከተያየሁ አልቅሼ ነው የምቀመጠው።

እህቴ ልብስ ስፌት ቤት ከፍታ «ነይልኝ» ስላለችኝ ነው የምሄደው፣ ነገ ጠዋት ነው መኪናዬ። ግን እስከ ቅዳሜ ድረስ በሰላም የምሄድ አልመሰለኝም ነበር። ለምን? በዚያች በመጨረሻ በሠራኋት ገጽ ነዋ!

እንግዶችም ስላላችሁ ልንገራችሁ፣ እዚህ ቤት ሰው በእጁ የጻፈውን የሙዚቃ ኖታ ኮምፒውተር ላይ እያስገባን ነው የምናትመው። ስመጣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ነበርኩ፣ ኖታ ጉንዳን ነበር የሚመስለኝ፣ ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ። እና በዚህ ቤት ሳይደበደብ የሚታተም የፒያኖ ገጽ የለም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ አንዱ ቀኝ እጅ ይሆናል፣ አንዱ ግራ፣ ከዚያ ገጹን እያዩ ጠረጴዛውን መምታት ነው። ጋሼ ሁልጊዜ ቀኝ፣ እኔ ሁልጊዜ ግራ። ስሜም «ግራዬ» ሆኖ ቀረ።

ታዲያ እትዬ ፒያኖ ተጫዋቿ፣ ይኸው ፊት ተቀምጠዋል፣ አይቆጡኝም አይደል? ከወለዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለፈው ቅዳሜ መድረክ ሊወጡ ነበር። ያመጡት ዜማ መሃሉ ላይ እጆቹ ይፈራረቃሉ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ያውም በሩጫ! ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ። አንዷ ከዘገየች ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል።

እኛ እንደለመድነው የቀኙን ኖታ ከሚጻፍባቸው ሁለት ባለ አምስት መስመሮች ላይኛው ላይ፣ የግራውን ታችኛው ላይ አስገባን። ኮምፒውተሩ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፣ አንዱ እጅ በመታ ቁጥር ለሌላው የዝምታ ምልክት ይሰካለታል። ገጹ በዝምታ ተሞላ። ከጋሼ ጋር መታነው፣ ልክ ነው፣ ሰጠናቸው። ለካ እኛ ሁለት ሰው ነን! እኔ የራሴን መስመር ብቻ፣ ጋሼ የራሳቸውን ብቻ ነው የምናየው። እትዬ ግን አንድ ሰው ናቸው፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማየት አለባቸው።

ሐሙስ ወረቀቱን ይዘው መጡ። «ዜማዬ የታለ? ይሄማ ወንፊት ነው! በዚህ መድረክ አልወጣም፣ የቅዳሜውን እሰርዘዋለሁ» አሉ። እኔ የወረቀት መደርደሪያው ጀርባ ገባሁ። ልጅ አዝለው ሲለማመዱ የከረሙ ሴት ከመድረክ ሊቀሩ ነው፣ እኔም ይሄን ጥዬ ልሄድ ነው?

ጋሼ «ነይ ውጪ፣ መደርደሪያ ኖታ አይጽፍም» አሉኝ። እትዬን መሃላችን አስቀመጥናቸው። ሁሉንም መጀመሪያ ላይኛው መስመር ላይ እንደ አንድ ዜማ መልሰን አስገባን፣ ከዚያ የግራውን ኖታዎች ብቻ እየመረጥኩ ወደ ታች አወረድኳቸው። ጭራቸውን የሚያያይዘው መስመር ሳይበጠስ! የላዮቹ ጭራ ወደ ታች፣ የታቾቹ ወደ ላይ፣ መሃል ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ታች ግን ያ የዝምታ ምልክት አሁንም ተገትሯል።

«ጋሼ፣ ይሄን ሳጠፋ ዜማውም አብሮ ቢጠፋስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ዝምታ ጠፍቶ ማን ሞተ? ተጫኚው!»

ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩ። ስገልጥ ገጹ ጥርት ብሏል። እትዬ ብቻቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን አንዴ መቱት፣ ደገሙት፣ ሳቁ። አታሚያችን ከማዶ «ኧረ በር ክፈቱ፣ ሰው እያንኳኳ ነው!» አለ።

ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ያቺ ገጽ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። የጋሼ ቀኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ፣ የኔ ግራ እጅ ጉልበቴ ላይ ይመታል። የእትዬ እጆች ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ፣ አንዴ እንኳ ሳይጋጩ! ጋሼ ጠጋ ብለው «ተንፍሺ ግራዬ፣ አለፈ» አሉኝ።

እፎይ! አሁንም ሳስበው እፎይ ነው የምለው።

ወንበሬ ባዶ ይቀራል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ግን አታሚያችን ተቀምጦበት አየሁት፣ ያውም በቀኝ እጁ እየመታ! ጋሼ፣ ይታገሱት፣ እኔንም ታግሰውኛል። አንድ አደራ ግን አለኝ፣ ለሁለት ከመታችሁት በኋላ አንዳችሁ ለብቻችሁ ድገሙት።

በሉ እንግዲህ፣ እጃችሁ ይባረክ። ቀኛችሁ ሲደክም ግራችሁ ይድረስላችሁ። እትዬ፣ ልጅዎ ይደግልዎ፣ መድረክም አይራቅዎት። አታሚያችን፣ ማሽንህ ወረቀት አይብላብህ። ሁላችሁም ያሰባችሁት ይሙላላችሁ።

ጨረስኩ። ጠረጴዛውን ለቅቄዋለሁ፣ ይኸው እዩ፣ አልወደቅኩም። ጋሼ፣ እርስዎም ይተንፍሱ፣ አለፈ።