ሞተር የታመመባቸው ደራሲ

እንዴ፣ አንቺ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ። ጫማሽን ምንጣፉ ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጊና ነይ። ዝናቡ እኮ አላስወጣ አላስገባ ብሎናል። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የእኔማ ገና ደረጃ ሲያይ ነው ማቃሰት የሚጀምረው። እዚህችኛዋ ላይ ተቀመጪ፤ የዚያችኛዋ እግር ተነቅሎ ሙጫ አድርጌባታለሁ፣ ገና አልደረቀችም። አዎ፣ እኔ ያው እዚሁ ነኝ። መጽሐፍ አውሳለሁ፣ የተገነጠለ እሰፋለሁ፣ ልጆቹን ዝም አሰኛለሁ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሌላ ምን ሥራ አላት?

ባለቤትሽስ? … መኪና ውስጥ? ታዲያ ለምን አይገባም፣ የድሮ ጎረቤት አይደለን እንዴ? … አይ ተይው፣ አትጥሪው። ሞተሩንም ሳያጠፋ ነው የሚጠብቅሽ፣ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ደኅና ሞተር ነው፣ አይቆራረጥም። እንዲህ ያለ ሞተር የያዘ ሰው የት አይደርስም?

ምንድን ነው ያሸከመሽ? … አሃ፣ መጽሐፉ። ይሄ ሁሉ? … ለአዲሱ መደርደሪያ ነዋ። አዎ፣ በሩ አጠገብ ያለው፣ «ብታነቧቸው እንመክራለን» የሚለው። በዚህ ወር ስለ ጦር አውሮፕላንና ስለ ጦርነት ጊዜ አብራሪዎች የተጻፉትን ነው የደረደርነው። ሰዉ ይወደዋል። አንዱን የጻፈው ዕድሜውን በሙሉ ቦምብ ሲጭን የኖረ መካኒክ ነው፤ ሲያስቅሽ ሲያስለቅስሽ ይውላል። አንዱን የአብራሪ ሚስት ናት የጻፈችው፤ ከዳር እስከ ዳር መጠበቅ ብቻ ነው፣ ግን አንዴ ከጀመርሽው አታስቀምጪውም። ሌላው ደግሞ ከግዳጅ መንገድ ላይ የተመለሰ ሰው የጻፈው ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? «ፈራሁና ተመለስኩ፤ ጓደኛዬ ግን ሄደ» ይላል። በቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያቺን ይዞ እንዴት እንደኖረ ነው። አንባቢ ናቀው? እንኳን ሊንቀው! ከእጅ እጅ ሲዞር ጀርባው እየተበጠሰ መስፋት ሰለቸኝ። ላመጣሽው መጽሐፍ ደራሲም በመከርኳቸው ነበር … ግን ለመጻፍ እንጂ ለማንበብ ጊዜ ያላቸው አይመስለኝም።

ስማቸውን አልጠራም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደራሲ በሥራው ነው የሚታወቀው። እሳቸውን ደግሞ ሥራቸው በደንብ አሳውቋቸዋል።

አነበብኩት እንዴ? እንዴት አላነብም! ሌሊት ስገልጥ አደርኩ። እንዴት ያለ ብዕር ነው? ደመናውን ሲገልጹት፣ ከታች የሚተኮሰውን ሲገልጹት … እዚያ የነበሩ ነው የሚመስሉት። በተለይ ያ ረጅሙ ምዕራፍ። ጥንድ ሆነው ይነሣሉ፤ አንዱ የሌላውን ጀርባ ሊጠብቅ። መንገድ ላይ የጓደኛቸው ሞተር ይታመማል። ጓደኛ ተብዬው ይፈራና ጥሏቸው ይመለሳል፤ ሲመለስም መንገድ ስቶ ተራራ ላይ ይወድቃል። እሳቸው ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ ድልድዩን ይመታሉ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ነዳጃቸው ተሟጦ፣ ክንፋቸው ወንፊት ሆኖ ያርፋሉ። አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

ወንድሜን ታስታውሺዋለሽ አይደል? … ታዲያስ፣ እንዴት ይረሳል። አጥር ለአጥር አልነበርን? እሱ ሄዶ በቀረበት ቀንም ሁለት አውሮፕላን ነው የተነሣው። አንዱ ተመለሰ። ጀንበር ስትጠልቅ ግን አይደለም፤ እኛ ገና ምሳ አላቀረብንም ነበር። የተመለሰው ሰው ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መጥቶ በራችን ላይ ቆሞ ምን እንዳለ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። «ሞተሬ አስቸገረኝ፣ ተመለስኩ። እሱ ብቻውን ቀጠለ» አለ። ማን ነበር? … እኔ እንጃ። አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም፤ የለበሰውን ሸሚዝ የምታጥቢለት አንቺ ነበርሽ።

ባለቤትሽን መቼ አልኩ? ወይ ጉድ! እኔ የማወራሽ ስለ ደራሲው ነው።

ከዚያ መካኒኮቹ ምን አደረጉ? እንደ ልማዳቸው ነዋ። ሞተሬ ታመመ ብሎ የተመለሰ ሲኖር አውሮፕላኑን መሬት ላይ አስረው ሞተሩን ያስጮኹታል፤ ሕመሙን ለማግኘት። እኛ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር የምንኖር የሠፈሩ ሴቶች ጆሯችን መካኒክ ሆኖ አልነበር? የታመመውን ከደኅናው ወጥ እያማሰልን እንለየው ነበር። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ አስጮኹት። አንቺም እኔም ልብስ እያሰጣን ነበር። አንዴ ተቆራረጠ? አንዴ አሳለ? … ገመዱ ላይ አንሶላ ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ እንደነበር አሁንም ይታየኛል። አየሺኝ፣ አየሁሽ። ከዚያ አንሶላውን ሰቅለሽ ገባሽ። እኔም ገባሁ። ምን ይባላል?

እኔ እኮ ፈራ ብዬ ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ማን አይፈራም? ወንድሜስ ሊነሣ ሲል የጫማውን ክር ሦስቴ እየፈታ ያስር አልነበር? ፈርቶ የተመለሰ ሰው ለእኔ ሰው ነው። ዝም ብሎ ቢኖር እኔም ዝም ብዬ በኖርኩ፤ ስንት ዓመት ዝም አልኩ አይደል? ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባል ነበር ድሮ። አሁን ግን ዘመኑ ሠልጥኗል፤ ሙት ወቅሰው ያሳትሙታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባልም … የተወጋውማ የለም። ስለዚህ የወጋው እንደፈለገ ያስታውሳል።

የወንድሜ ልጅ በረራ ትምህርት ቤት እንደገባች ሰምተሻል መቼም። አባቷ ሲሄድ ገና አልተወለደችም ነበር። መምህራቸው ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ አንብቡ ብሎ ይህንኑ፣ የአባቷ ስም በቁሙ የተጻፈበትን፣ አደላቸው። ባለፈው እሑድ መጣችና እዚያ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው፤ ኮቷን እንኳ አላወለቀችም። «አክስቴ፣ አባቴ ፈሪ ነበር?» አለችኝ። …

አንቺ ብትሆኚ ምን ትያት ነበር? … አይ፣ አትመልሺልኝ።

የሰማሁትን ነገርኳት። እሷ አመነችኝ፤ የክፍል ጓደኞቿ ግን እኔን አይደለም ያነበቡት። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚበሩበት ጊዜ ደርሷል። ከእሷ ጋር የሚጣመር ጠፋ። «የአባቷ ደም ነው፣ ጥላን ትመለሳለች» ይላሉ አሉ። አጣማሪ ካላገኘች ታቋርጣለች፤ ማመልከቻዋን ይዛ ነው የሰነበተችው። ይታይሽ፣ አንድ ምዕራፍ ይህን ያህል ርቆ ይመታል። ድልድይ መታሁ ማለታቸው እውነት ሳይሆን አይቀርም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፣ ምን ቸገረው … ግን እስኪነጋ ሁለተኛው እትም ይደርሳል። ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው አሉ? … በዚህ ሳምንት? እንኳን ደስ ያላቸው። እኔ ምን አገባኝ፣ ከነገሩ ጦም እደሩ ነው። ብቻ እንደ አንባቢ አስተያየት ስጪ ብባል ብዙ አልጠይቅም። ቃላቸውን አይንኩ፣ ደመናውንም ይተዉት፣ ያምራል። የታመመውን ሞተር ብቻ ለባለቤቱ ይመልሱለት። ከአንድ መስመር አያልፍም። አንቺ ከደራሲው ጋር … እንዲያው የምትገናኙ ከሆነ ንገሪልኝ።

አይ አይ፣ መጽሐፎቹን አትውሰጂያቸው። ለምን ትሸከሚያለሽ? ቦታ አዘጋጅቼላቸዋለሁ። በሩ አጠገብ አይደለም፣ እዚያ ያለው በእውነት ስለ ሆነ ነገር ብቻ የሚያወራ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ነው የሰጠኋቸው፣ በስተቀኝ፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ብርሃን የሚያርፍበት። … ልብ ወለድ ክፍል፣ አዎ። እንዲህ ያለ የፈጠራ ችሎታ መሬት ላይ አይጣልም።

ልትሄጂ ነው? ቆይ ጃንጥላሽን ልስጥሽ። ልጅሽስ ደኅና ነው? ከወንድሜ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ናቸው እኮ። ቁርጥ አባቱን ነው አሉ፣ ያው ቁመቱ፣ ያው ፈገግታው። ከእሷ ጋር አልጣመርም ብሎ መጀመሪያ የተናገረውም እሱ ነው አሉ። አልቀየምኩትም፣ ምን ያድርግ፣ ልጅ ነው፤ ያነበበውን አመነ። እንኳን እሱን አገር አምኗል።

በይ እንግዲህ፣ ደኅና ግቢ። ልጅሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። ትምህርቱን ይግለጥለት፣ ሰማዩን ጥርት ያድርግለት። ያ ክፉ ቀን መጥቶ የሚነሣ ከሆነም ብቻውን አይተወው … ጀርባውን የሚጠብቅ፣ ልክ እንደ ደራሲያችን ያለ ጓደኛ ከጎኑ ያብርርለት። አሜን በይ እንጂ።