ጌሙ እስኪወጣ

የነፍስ አባቴ ደብረ ታቦር ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ሁዳዴን በመግደፌ ይቆጡኛል፤ እኔ በጠረጴዛ ሥር ስልኬን እነካካለሁ። በመንኮራኩር ከኮከብ ኮከብ የሚዞሩበት የኮምፒውተር ጌም አለ፤ «ዘንድሮ ይወጣል» እያሉ ስምንት ዓመት ያራዘሙት። የዚያን ዕለት ቁርጡ ይነገራል ስለተባለ እግሬ አላርፍ ብሏል።

«ምንድን ነው የምትነካካው?» አሉኝ። ተናዘዝሁ። አልሳቁም።

«ስንት ዓመት ጠበቅኸው?»

«ስምንት ዓመት፣ አባ።»

«ስምንት ሳምንት መጾም አቅቶህ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «በል ቀኖናህ ይኸውልህ፤ ይኼ ጨዋታ እስኪወጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት አርባ አርባ ትሰግዳለህ» አሉኝ። ስልኬን ሰረቅ አድርጌ ባይ «በሚቀጥለው ወር ይወጣል» ይላል። አንድ ወር ምን አላት! መስቀላቸውን ተሳልሜ እየሣቅሁ ሸኘኋቸው።

ወሩ ሳይሞላ ጌሙን እንደገና አራዘሙት። ከዚያም እንደገና። ይኸው ሁለት ዓመቴ፣ ጠዋት መጀመሪያ ስልኬን አያለሁ፣ እረግማለሁ፣ እሰግዳለሁ። ባለፈው ጉልበቴ ሲያልቅ «አባ፣ እባክዎ ቀኖናውን ይቀይሩልኝ» ብዬ ለመንኋቸው።

«ምነው ልጄ» አሉኝ፣ «መጠበቁንማ ትችልበት የለ እንዴ?»