ስልሳ አንድ ፔኒ የሰበሰበው ሰው

ክብርት ቄስ ፊሊፓ፣ የክሌመንት ወንድም ሚስተር ፐርሲ፣ የሳንቲም ማኅበራችን አባላት፣ ከለንደን በጠዋቱ ባቡር የመጣችሁ ነጋዴዎች፣ የጨረታ ቤታችን ባልደረቦች፣ በዚህ ዝናብ ጃንጥላችሁን ይዛችሁ የቆማችሁ ሁሉ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የሚያጽናናን ይገኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሌስተር እባላለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አጫራች ሆኜ ሠርቻለሁ። ክሌመንት ስፓርሃም ሳንቲሙን ያያል፣ ይመዝናል፣ ዋጋውን ይገምታል። እኔ መዶሻውን ይዤ እሸጣለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን። ደረጃውን ሲወጣ በሳሉ አውቀው ነበር።

ቄስ ፊሊፓ ትናንት ደውለው፣ «ሌስተር፣ ሰዉን የሚያጽናና ነገር ቢናገሩ ጥሩ ነው» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ዋሸሁዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚያጽናና ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ክሌመንት ምን ዓይነት ሰው ነበር? ሳንቲም ሲያነሳ ጠርዙን ብቻ የሚይዝ ሰው ነበር። ፊቱን አይነካም። ሰውንም እንደዚያው ነበር የሚይዘው።

ዳጊ ላርተር፣ እዚያ ከኋላ ቆመሃል፤ ታስታውሳለህ? በብረት መፈለጊያህ ማሳ ለማሳ ስትዞር ከርመህ፣ ጫማህ ጭቃ እንደሆነ፣ እጅህን ጨብጠህ ገባህ።

«ክሌም፣ መጀመሪያ ተቀመጥ» አልከው። «ደንግጠህ ወድቀህ እንዳትሰበርብኝ።»

ያገኘኸውን ጠረጴዛው ላይ አኖርክለት። ቢጫ፣ የሚያብለጨልጭ። ክሌመንት ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ዳጊ፣ ይሄን ንጉሥ አየኸው?»

«አየሁት እንጂ! ሦስተኛው ኤድዋርድ ነው! መርከብ ላይ ቆሟል!»

«ጀርባውንስ?»

«ጀርባው ጭቃ ነበር።»

«ጀርባው ‹የቢራ ፋብሪካችን መቶኛ ዓመት› ይላል።»

ዳጊ፣ ምን አልክ? «እና ስንት ያወጣል?»

«ቢራው አብሮት ካለ፣ ትንሽ ያወጣል።»

ሳቃችሁ። ሳቁ፤ እሱም ይወድ ነበር። ከዚህ በኋላ የምናገረው አያስቅም።

ሚስስ ጎስሊን የምትባል ሴት ነበረች። አሁን በሕይወት የለችም፤ ለዚህ ነው የምናገረው። ባሏ ሞቶ ሳንቲሞቹን ልትሸጥ መጣች። መልካም መስለው ይቅረቡ ብላ ሁሉንም አንድ በአንድ በጥርስ ሳሙና ፈትጋ ነበር። የንግሥት አን ትልቁ የብር ሳንቲም እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራ ነበር። ሦስት መቶ ዓመት የለበሰው ጥቁር ልብስ በአንድ ከሰዓት ተገፍፎ ሄዷል። ዋጋውም አብሮት ሄዷል። ክሌመንት አየው። ተነሳና ወደ ጓሮ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ተመልሶ ገባና፣ «እመቤቴ፣ ባለቤትዎ መልካም ዓይን ነበራቸው» አላት። በጨረታው ዝርዝር ላይ ግን እውነቱን ጻፈ፤ «የተፈተገ» ብሎ።

እሷ ስትሄድ፣ «ለምን አልነገርካትም?» አልኩት።

«ነግሬያት ምን ላድርግላት? ጥቁሩን ልመልስላት?»

እንግዲህ ስለ ራሱ ሳንቲሞች።

ክሌመንት ሰላሳ አራት ዓመት የሰበሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚሁ ኖሪች ውስጥ በመዶሻ የተመቱ የብር ፔኒዎች። ሺህ ዓመት የሞላቸው፣ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። ወረቀት ያህል የሳሱ። በእያንዳንዱ ጀርባ የመታው ሰው ስም አለ። ምሳውን ከቤት እየቋጠረ፣ አንድ ካፖርት አሥራ ስድስት ክረምት እየለበሰ፣ ስልሳ አንድ አደረሳቸው። አንድ ላይ ሆነው ለከተማው ሙዚየም እንዲቀሩ ነበር ሐሳቡ።

ሚስቱን ኤኒድን ታውቋታላችሁ፤ ስንቱን ልጃችሁን ፒያኖ አስተምራለች። እሁድ እሁድ ከሻይ በኋላ ክሌመንት የሳንቲሞቹን ትሪ ያወጣና ስሞቹን ያነብላታል። ሊዮፍዊን፣ ቱርስታን፣ ጎድሪክ። እሷ በዜማ ትቀበለዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሳንቲም አይደለም የሰበሰብከው፣ መዘምራን ነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ከዚያ የመርሳት በሽታው መጣ። መጀመሪያ ቁልፏን ረሳች። ቀጥሎ ወጥ ቤቱን። ቀጥሎ ባሏን። ዋይመንደም ያለ የአረጋውያን መጦሪያ አስገባት፤ ፒያኖ ስላለበት፣ በመስኮት የፖም ዛፍ ስለሚታይ። አንድ ቀን ጠዋት መነጽሩን እየወለወለ፣ «ሌስተር፣ ትናንት ቱርስታን ተባልኩ» አለኝ።

«ምን?»

«ኤኒድ ናታ! በሩን ስከፍት፣ ‹ቱርስታን! መጣህ?› አለችኝ። ደስ ብሏት።»

«ምን አልካት?»

«‹አዎ፣ መጣሁ› አልኳት። ምን ልበል? ከሺህ ዓመት በፊት የሞተውን ሰውዬ ታስታውሳለች። እኔን አታስታውስም።»

ሁለታችንም አልሳቅንም።

ባለፈው መስከረም የቆጠበው አለቀ። መጦሪያው ያርመዝ ወዳለ ሌላ፣ ርካሽ ቤት እንዲወስዳት ነገረው። ፒያኖ የሌለበት፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚተኙበት። ክሌመንት በማግሥቱ ትሪውን በፎጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«በኅዳሩ ጨረታ አስገባቸው።»

«ክሌም፣ እስከ ጸደይ ቆይ፤ ሙዚየሙ ገንዘብ ያፈላልግ።»

«እሷ እስከ ጸደይ የምትቆይ ይመስልሃል?»

ዝርዝሩን የጻፈው ራሱ ነው። ስለ ሌላ ሰው ሳንቲም እንደሚጽፈው ነው የጻፈው። «ጠርዙ የተቆረጠ።» «ትንሽ የታጠፈ።» «ፊደሉ የደበዘዘ።»

«ኧረ ይሄኛው ከዚህ ይሻላል!» አልኩት።

«የኔ ስለሆነ ልዋሽ?»

አንድ ላይ ይሸጡ ብሎ ለመነ። አለቃችን ተለያይተው ቢሸጡ የተሻለ ያወጣሉ አለ። ትክክል ነበር። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ሁሉም ሰው ትክክል ነበር።

በኅዳር፣ ማክሰኞ ጠዋት ጨረታው ተጀመረ። ክሌመንት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ ካታሎጉ ጉልበቱ ላይ፣ እርሳሱ በእጁ። ገዢዎች ነበራችሁ፤ ከመካከላችሁ ስድስት ሰባቱ እዚህ ቆማችኋል። አልወቅሳችሁም። እጃችሁን አወጣችሁ እንጂ ምን አደረጋችሁ? መዶሻውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዱ ሊንከን ሄደ፤ መታሁ። አንዱ ለንደን፤ መታሁ። አንዱ በኢንተርኔት፣ የት እንደሆነ እንጃ፤ መታሁ። ሰላሳ አራት ዓመት የተሰበሰበውን በሃምሳ ደቂቃ በተንኩት።

የቱርስታን ፔኒ ደረሰ። አንድ የስልክ ተጫራች ብቻ ነበረው። ቀና ብዬ ክፍሉን ቃኘሁ። እጅ ወጥቷል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ። የክሌመንት እጅ።

ሻጭ በራሱ ዕቃ አይጫረትም። ሕጉ ይከለክላል። ሕጉን ለእኔ ያስተማረኝም እሱ ነው። እጁ ግን ወጥቷል። በቀጥታ አየኝ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ጨረታውን አቁሜ፣ «ይህ ሳንቲም ከጨረታው ተነሥቷል» ማለት እችል ነበር። እንዲህ የማድረግ ሥልጣን አለኝ፤ አድርጌውም አውቃለሁ፤ ለማላውቃቸው ሰዎች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ እጅ ማየት ነው። አፍንጫ በማከክና በመጫረት መካከል ያለውን ልዩነት አውቃለሁ። ከጓደኛዬ እጅ በላይ አሻግሬ ግድግዳውን አየሁና፣ «ስልክ ላይ ላሉት» ብዬ መታሁ።

እጁን አወረደ። ሲያበቃ ወደ እኔ መጣና፣ «ጥሩ አድርገህ መራኸው፤ አልተጣደፍክም» አለኝ። ስለ እጁ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ሁለታችንም ለመነጋገር ደህና ጊዜ ይመጣል ብለን ነበር ማለት ነው።

ኤኒድ ከጨረታው በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አረፈች። የጨረታውን ገንዘብ እየጠበቁ ባቆዩአት፣ ፒያኖው ባለበት ቤት፣ የፖም ዛፉ በሚታይበት ክፍል። ክፍያው የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። ክሌመንት የክፍያውን ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ከተተውና አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ በስልክ ለገዛው ሰው፣ የቱርስታንን ፔኒ መልሶ ይሽጥለት እንደሆነ። ዋጋ ጨምሮ፣ የፈለገውን ያህል። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። ለሌላ ሰው ተላልፏል፤ ለማን እንደሆነ መናገር አይቻልም።

አነበበው። አጠፈው። «እሺ» አለ። ለሌላ ሰው የመጣ ሣጥን ከፍቶ መመዘን ጀመረ።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ የተሳፈረበት አውቶቡስ መጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ ሾፌሩ፣ «ጌታዬ፣ ደርሰናል» ቢለው አልተነሳም። ፐርሲ ከወንድሙ ኪስ ያንን የኅዳር ካታሎግ አገኘ። ከስልሳው ጎን ዋጋው በእርሳስ ተጽፏል። ከአንዱ፣ ከቱርስታን ጎን ግን ምንም የለም።

ዛሬ ጠዋት የማኅበራችን ኦድሪ ብላይዝ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። የገዛቻቸውን አራት ፔኒዎች በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። «ሌስተር፣ አብሬው ልቅበራቸው?» አለችኝ እያለቀሰች። «አይሆንም» አልኳት። «ብር እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ ይበላሻል።» ይህን ብዬ ዘወር ስል የተቆፈረውን መቃብር አየሁት። ታቹ ውሃ ይዟል። ለብር የማንመርጠውን አፈር ለእሱ ይኸው ቆፈርንለት።

ክሌመንት፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ የሚባለው ለሚሰማ ነው። አንተ አትሰማም፤ እኔም እንደምትሰማ ሆኜ ራሴን አላታልልም። ሰዎቹ ይስሙ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ሰኞ ዕለት ከዲስ ከተማ አንድ ሣጥን መጥቷል። አንድ ሽማግሌ ሞተው ልጃቸው የላከችው ነው። ጠረጴዛህ ላይ አኑረውታል፤ ስምህ ተጽፎበታል። ሁለት ቀን ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። በውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። ማን እንደሚከፍተውም አላውቅም።

ደህና ሁን ክሌም። ነገ ጠዋት ደረጃው ላይ ሳልህን አዳምጣለሁ። ማንም አይወጣም።