የአንጎል ቤተ ሙከራዋ ቀለም ነካሪ ዜና ሕይወት

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ባልደረቦቻቸውም «እትዬ ቀለም» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት እኒህ እናት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ከስድሳ አራት ዓመት በፊት ተወለዱ። ከሦስት ልጆች መካከለኛዋ ሲሆኑ፣ ተሸፋፍኖ የሚያልፍ ነገር ከልጅነታቸው ጀምሮ አይወዱም ነበር፤ አንድ ደንበኛ ያሰፋውን ኮት ለብሶ ሊወጣ ሲል «ጋሼ፣ እጅጌው እኮ ተጣሟል» ብለው አባታቸውን እንዳሳፈሩ ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ ያነሣሉ።

ትምህርታቸውን በትጋት ፈጽመው በላቦራቶሪ ሙያ ከተመረቁ በኋላ በአንድ የአንጎል ምርምር ተቋም ተቀጥረው፣ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸውም ያልነበረባቸውም ሰዎች ከሞታቸው በኋላ እንዲወሰድ የፈቀዱትን አንጎል በሰም እየደፈኑ፣ ከፀጉር አቅጥነው እየቆረጡ፣ ቀለም እየነከሩ በመስታወት ላይ ሲያኖሩ ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከመነጽር ሠሪው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ታናሽ ወንድማቸው በሃያ ዓመቱ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። ቤተሰቡ ስማችን ይጠፋል ብሎ በጓሮ ክፍል ቢቆልፍበት፣ እትዬ ቀለም ቁልፉን ከገዛ እናታቸው እጅ ቀምተው፣ «የሚሸተው የእሱ ሕመም ነው ወይስ የእናንተ ሐፍረት?» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ሃያ ዓመትም አስታመሙት። በሳንባ ምች ባረፈ ጊዜ፣ ደኅና በነበረበት ወቅት በፈረመው ቃል መሠረት አንጎሉ ለተቋሙ ተሰጠ፤ ሌላ እጅ እንዳይነካውም ብለው ራሳቸው ቆረጡት።

ከስድስት ዓመት በፊት የተቋሙ ፕሮፌሰር እነዚያን መስታወቶች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢያሳዩ፣ ማሽኑ የታማሚውን አንጎል ከጤነኛው ከመቶ ዘጠና አራቱን በትክክል ለየ፣ የሕመሙም ሥር ተገኘ ተባለ። ኬክ ተቆረጠ፤ አዲስ መድኃኒት በታማሚዎች ላይ የሚሞከርበትም ቀን ተቆረጠ። እትዬ ቀለም ግን ቀድሞ የተሰበሰበው የታማሚዎቹ አንጎል በአሮጌው ቀለም፣ ኋላ የመጣው የጤነኞቹ ደግሞ በአዲሱ መነከሩን ያውቁ ነበርና፣ ማሽኑ የለየው ቀለሙን እንዳይሆን ጠረጠሩ። ከጤነኞቹ ቆርጠው በአሮጌው ቀለም ቢነክሩት ማሽኑ «ታማሚ» አለ፤ ከወንድማቸው አንጎል ቆርጠው በአዲሱ ቢነክሩት «ጤነኛ» አለ። «ሃያ ዓመት ያንገላታውን ሕመም በአንድ ጠርሙስ ቀለም ፈወስኩት» ብለው ለፕሮፌሰሩ ቢያቀርቡላቸው፣ «እትዬ፣ እርስዎ ቀለሙን ይንከሩ፤ ሳይንሱን ለእኛ ይተዉት» የሚል መልስ አገኙ። እሳቸውም፣ «ቀለም የቆጠረ ሞልቶ ቀለም የሚለይ ጠፋ!» ብለው ወጡ።

ባለቤታቸው፣ «ጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ምናለ አፍሽን ብትይዢ?» ቢሏቸው፣ «መያዙንስ ልያዘው፣ ግን ያቅለሸልሸኛል» ብለው ጥናቱን ላሳተመው መጽሔትና ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ጻፉ። በዚህም ምክንያት ወደ አሮጌ ዕቃ ማከማቻ ተዛወሩ፤ አብረዋቸው ምሳ ይበሉ የነበሩትም እሳቸው ሲመጡ በሌላኛው ደረጃ መውረድ ያዙ።

ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ ጥናቱ ተሰረዘ፤ የመድኃኒቱም ሙከራ ቀረ። ተቋሙ «ማሽኑ ተሳስቷል» ብሎ መግለጫ ሲያወጣ፣ «ማሽኑ ምን በደለ? ያሳዩትን አየ። የሚያስጠላኝ እያወቀ ያጨበጨበው ነው» አሉ። በኋላም አንዲት ሐኪም ሥራውን እንደ አዲስ ስትጀምር ከጡረታ ተመልሰው መስታወቱን ሁሉ በአንድ ቀለም ነከሩላት። ማሽኑ እንደገና ቢያያቸው ዘጠና አራቱ ወደ ስድሳ አንድ ወረደ። ሐኪሟ አንገቷን ብትደፋ፣ «ልጄ፣ ይቺ ትንሽ ናት፤ ግን አትሸትም» ብለው አጽናኗት።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ ጠዋት ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ። ተቋሙ እዚህ እንዲነበብ «በትሕትናና በታዛዥነት ያገለገሉ» የሚል ጽሑፍ ልኮ ነበር፤ ቤተሰቡ በመጣበት ፖስታ መልሶታል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከወንድማቸው ጎን ያሳርፍልን፤ እኛንም እሳቸው የተጸየፉትን ለመጸየፍ የሚበቃ ልብ ይስጠን።